ዶቅማ ያጠቆረው አፍ

የበደለችኝ ታላቅ እህቴ ብርቄ ናት፤ ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ዶቅማ በሚበስልበት ወር። ዘመዶቻችን «ልጆች ነበራችሁ፣ እርሺው» ይሉኛል። እነሱ ይርሱት።

ልጅ እያለን የምንኖረው ከሸኮ ወጣ ብሎ፣ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር በሚበቅልበት መንደር ነበር። የኔ ዘመን ልጆች ዶቅማን መቼም አትረሱትም። ዝናብ ሲያባራ ጫካው እርጥብ ቅጠልና የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ፍሬው መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቆየት ብሎ ምላስ ይይዛል። «አውጪ እስቲ! የማን ይበልጥ ጠቆረ?» እየተባባልን ምላስ ለምላስ እንወዳደር ነበር።

ዶቅማው ግን ሕግ ነበረው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የቀፎው ባለቤት ነው፤ መሬት የወደቀው ፍሬ ደግሞ የልጆች። ዛፉ ላይ መውጣት ግን ንብ ያሸሻልና ትልቅ ነውር ነበር። አባታችን ከወሎ የመጣ ቡና ነጋዴ ስለነበር ይህን ሕግ ከአገሬው ሰው በላይ ያከብረው ነበር። «እንግዳ ሰው ያለው ስሙ ብቻ ነው» ይለን ነበር።

በዚያ ዓመት ሁለታችንም ስድስተኛን ጨረስን። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከዚያ በላይ አልነበረውም። ጅማ የሚኖረው አጎታችን አንዳችንን ወስዶ ሊያስተምር ቃል ገባ። በትምህርት የምበልጠው እኔ ስለነበርኩ፣ አባቴ ለእኔ ጫማ ገዝቶ አስቀምጦ ነበር።

ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ብርቄ ጎረቤታችን ጋሽ ጳውሎስ ቀፎ የሰቀለበት ዛፍ ላይ ወጣች። ፍሬው ገና መውደቅ አልጀመረም ነበር። እሷ ከላይ እየበላች፣ ለእኔም እየጣለችልኝ፣ እኔ ከታች ስበላ ቅርንጫፉ ተሰበረና ቀፎው ወርዶ ተፈጠፈጠ። ሮጠን ቤት ገባን። «አፍሽን በአመድ እሺው፤ እማዬ እድፍ የምታስለቅቀው በአመድ አይደል?» አለችኝና ሎሚው ወዳለበት ጓሮ ዞረች። አፌ እስኪቃጠል በአመድ አሸሁት።

ጋሽ ጳውሎስ ሲመጣ አልጮኸም። «ፍሬው ገና ከዛፍ አልወረደም። አፏ የጠቆረ ልጅ ወጥታለች ማለት ነው» አለ ለአባቴ። አባቴ ምላሳችንን አስወጣን። የብርቄ ቀላ ያለ ነው፣ እንደማንኛውም ሰው ምላስ። የኔን ሲያይ ግን «ይሄ አፍ ነው የቀለም ጠርሙስ?» አለ። ከንፈሬ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። አልወጣሁም ብዬ እህቴን አየኋት፤ እንድትናገር ጠበቅኳት። እሷም ተናገረች።

«አትውጪ ብያት ነበር፣ አባዬ።»

አባቴ ጋሽ ጳውሎስን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ጫማውን አምጥቶ ለብርቄ ሰጣት። ጅማ የሄደችው እሷ ናት። እኔ ቡና ለቀምኩ፣ ለቀማው ሲያልቅ ሚዛን ከተማ ገበያ ኮረሪማ ሸጥኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ብርቄ የኬሚስትሪ መምህርት ሆነች።

ለረጅም ጊዜ በደሏ ያቺ ውሸት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በኋላ አንድ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ቤቴ መጥታ ልጆቼ ዶቅማ ሲበሉ አየች፤ ማስተማር ጀመረች። ቀለሙ ራሱ ጥቅም አለው አለቻቸው፤ የሰውነታችንን ሴሎች ከጉዳት የሚከላከል አንቲኦክሲዳንት ነው። «ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ አመድ ሲነካው ሰማያዊ ይሆንና ይብስበታል።»

ትልቋ ልጄ «እቴቴ፣ ይሄን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሽው?» አለቻት።

ብርቄ ሳቀች። «ኧረ ምን ዩኒቨርሲቲ! አራተኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ቀሚሴን ስታጥብ ነው ያየሁት።»

አራተኛ ክፍል። ቀፎው ከመውደቁ ሁለት ዓመት በፊት። እሷ ጓሮ ዞራ ሎሚ ስትቆርጥ እኔን ወደ አመዱ የላከችኝ እያወቀች ነው። ፊቷን አየሁት፤ ምንም ትዝ ያላት አትመስልም ነበር። ቡና ቀዳሁላት።

ዛሬ ያ ጫካ ሳስቷል። ዛፉ ተቆርጦ ቦታው የቡና ማሳ ሆኗል፤ ጋሽ ጳውሎስም እውነቱን ሳይሰማ ሞተ። የዘንድሮ ልጆች የታሸገ ጁስ ይጠጣሉ፤ ዶቅማ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዴ ያ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ሲመጣብኝ ደስ ሊለኝ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል።

ባለፈው ጥር ብርቄ ልጇን ዳረች። ጥሪው ደርሶኛል፤ ሦስት ጊዜም ደውላለች። አልሄድኩም።