የምትጣለው ክፍል

ታናሽ ወንድሜ ቁልፍ አይወድም። ልጅ ሆኖ እንኳ የቤቱን ቁልፍ ያዝ ሲባል «ከጠፋ በኔ ነው» ብሎ እኔ እስክመጣ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰው ሁሉ «ፈሪ» ይለው ነበር፤ እኔም አልምረውም።

አሁን እኔ ነርስ በሆንኩበት ሆስፒታል ምድር ቤት ተቀምጦ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ለሚሠሩት ኮምፒውተሮቻችን የሶፍትዌር ፓኬጅ፣ ተጠቅልሎ የሚጫን ፕሮግራም፣ ይሠራል። ሩት የሚሉትን፣ ሁሉን የሚያስከፍተውን ሥልጣን እንስጥህ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። የሚሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የምትከፈት፣ ፓኬጁ ከወጣ በኋላ ከነጉድፏ የምትጣል ክፍል በሏት።

«እዚያ ውስጥ ብሳሳት የማጠፋው የሚጣለውን ነው፣ እትዬ» ይለኛል።

ተሳስቶም ነበር። ፓኬጁን ለመሥራት በሚጽፈው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ትርፍራፊ ፋይል የምትጠርግ አንዲት መስመር ጽፎ፣ የቱን ማህደር እንደምትጠርግ መጻፍ ረሳ። መስመሯ ያገኘችውን ሁሉ ትጠርጋለች። አይቷት ሳቀ። ክፍሏ እንደሆነ ትጣላለች፣ ምን ቸገረኝ ብሎ ሦስት ዓመት ተዋት። ሲያጫውተኝ አብሬው ስቄአለሁ፤ ያ ሳቅ ዛሬ ያመኛል።

አባታችን ሳንባው ደክሞ እኔ ዋርድ፣ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ተኛ። በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን ምድር ቤት ባለው ኮምፒውተር በኩል አልፎ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ስክሪን ይታያል፤ ከወረደ ይጮኻል። የዚያን ዕለት ጠዋት ወንድሜ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ። አለቃው ኮንቴይነሩን «የልጅ ጨዋታ» የሚል ችኩል ሰው ነው። ወንድሜ ተመልሶ ፓኬጁን እስኪሠራ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም።

እኔ ስክሪኑን አየሁ፤ ዘጠና ስድስት። ደስ አለኝ። መድኃኒት አድዬ ተመልሼ አየሁ፤ አሁንም ዘጠና ስድስት። ዋርዱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው፤ አፉ በማደንዘዣ ተሳስሮ ይኮላተፋል።

«እትዬ፣ አባዬ እንዴት ነው?»

«ዘጠና ስድስት! ምን ሆነሃል አንተ?»

«አለቃዬ ‹ጨረስኩልህ› ብሎ አሁን ደወለ። ያለ ኮንቴይነር፣ እዚያው ምድር ቤት ባለው የናንተ ዋርድ ኮምፒውተር ላይ፣ በሩት ሠርቶታል። መስመሯ ሁሉን ጠርጋዋለች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ስንት ሰዓት ይላል?»

«አራት ከሃያ።»

«የግድግዳውስ?»

ቀና አልኩ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ከቆመ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል።

«ስክሪኑን ተይው! አባዬን እዪው!»

ስልኩን እንደያዝኩ ሮጥኩ። የኦክስጅን ጭምብሉ ከፊቱ ወርዶ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁ ገና ሞቃት ነበር። እኔ ግን ነርስ ነኝ፤ ሳየው ዐወቅሁ። ያም ሆኖ ጮኼ ሰው ጠራሁና ደረቱን መጫን ጀመርኩ።

ስልኩ አልጋው ላይ ወድቆ አልተዘጋም። ወንድሜ አለቃውን አንዴም አልወቀሰም።

«መስመሯ የኔ ናት» ይላል ደጋግሞ። «እትዬ፣ የኔ ናት።»