ሣሩ ይድረቅ

አፏን የሚፈራ እንጂ እጇን የሚጠላ አልነበረም፤ ደረቅ እንጨት ብትተክል የምታበቅል ሴት ናት። ሰፈሩ ውስጥ ስታዲየም ተሠርቶ ሲያልቅ በአትክልተኝነት ተቀጠረች፤ ሰፈሩም «የሣር እናት» አላት።

ስታዲየሙ የተሠራው በብድር ነው። በምረቃው ቀን ጭብጨባው ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በዓመት አንድ ሁለት ጨዋታ ቢደረግበት ነው። ወለዱ ግን ጨዋታ የለም ብሎ አያርፍም። መንግሥት አንዱን ብድር ለመክፈል ሌላ ይበደራል፤ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ የሚመደበው በጀት በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። የሰፈሩ ዋና የውሃ መስመር የፈነዳ ጊዜ ከውሃ ቢሮ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ «ለጥገና በጀት የለም። ዕዳው ይቀድማል።»

ልብስ ሰፊው ባሏ መቀሱን ሳያስቀምጥ፣ «‹ዕዳ ከሜዳ› ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ይኸው ሜዳው!» ብሎ በመስኮት ወደ ስታዲየሙ ጠቆመ። እሷ አልሳቀችም። ያን ዕለት አራሷ ጎረቤቷ ጄሪካን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አይታለች።

ስታዲየሙ ለሣሩ ተብሎ የተቆፈረ የራሱ የጉድጓድ ውሃ አለው። በማግስቱ ጠዋት የውሃ ጎማውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልካ ወደ መንገዱ አወጣችና የጉድጓዱን ሞተር አስነሳች። ወሬ ክንፍ አለው፤ ብዙም ሳይቆይ ባልዲ ያለው ሁሉ ተሰለፈ።

ሣሩ ጫፍ ጫፉ መገርጣት ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ መጣ።

«አብደሻል እንዴ? አበዳሪዎቹ ሊጎበኙ ነው! የመክፈያውን ጊዜ እንዲያራዝሙልን እየለመንን፣ ሜዳው ጠውልጎ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«እውነቱን ያያሉ።»

«እባክሽ እህቴ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ። እንጀራዬን አትዝጊብኝ።»

አዘነችለት፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎማውን ግን አልለቀቀችም።

«አለቃ፣ እኔና እርስዎ ከሞትን በኋላ ይሄን ብድር የሚከፍሉት እነዚህ ናቸው» አለች፣ የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው የተሰለፉትን ሕፃናት በአገጯ እያሳየች። «ሣሩ ዕዳ አይከፍልም። ከፋዮቹ ይጠጡ፤ ሣሩ ይድረቅ!»

ሥራ አስኪያጁ ዘበኞቹን ጠራ። እነሱም የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸውና መሬት መሬቱን አዩ።

እንግዶቹ መጡ፤ ቢጫውን ሜዳ አዩ፤ ጊዜውንም አራዘሙ። ወለዱም አብሮ ተራዘመ። እሷ ከሥራ ተሰናበተች። ስንብቷን የነገራት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ጎማውን ግን ከአጥሩ ቀዳዳ አላነሳም፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ከዚያው ይቀዳል።

አሁን ችግኝ እየሸጠች ትኖራለች። ሰኞ ሰኞ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ ውሃ ቢሮ ደጃፍ ትቀመጣለች።

«እናቴ፣ በጀት የለም ብለናል እኮ» ይላታል በረኛው።

«ሰምተናል» ትላለች ጃንጥላዋን እየዘረጋች። «እስኪኖር እዚሁ ነን።»