ሳይጠይቁ ያለበሱኝ ነጠላ

የትርኢቴ ሕግ አጭር ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እጀ ጉርድ ቀሚስ ለብሼ እቆማለሁ። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ መቀስ፣ ከሰል፣ ውሃና የታጠፉ ነጠላዎች ይቀመጣሉ። ተመልካቹ በእነዚህ ዕቃዎች በሰውነቴ ላይ የፈለገውን ማድረግ ይችላል። እኔ አልናገርም፤ ከተጠየቅሁ ብቻ ጭንቅላቴን ነቅንቄ እሺታዬን ወይም እምቢታዬን እገልጻለሁ። የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፦ ከመንካቱ በፊት የሚጠይቀኝ ሰው።

ሠመራ ላይ፣ በማስተምርበት ተቋም አዳራሽ ስቆም መብራት ጠፍቶ ማራገቢያዎቹ ቀጥ ብለው ነበር። መቀሱን የሚያነሣ እንደሚኖር ገምቼ ተዘጋጅቻለሁ፤ ስለ ጭካኔ ብዙ አንብቤያለሁ። ለደግነት ግን አልተዘጋጀሁም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣለ። «እህታችን ናት!» አለ፣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሌላውን አስነሣ፤ ሌላውም ሌላውን። እየተሽቀዳደሙ አከበሩኝ። የጠረጴዛው ነጠላ ሲያልቅ ከሴት ተማሪዎች ሻርፕ እየተዋሱ ፊቴን ሳይቀር ሸፈኑኝ።

«ኧረ በአላህ፣ ታፈነች!» የምትል የሴት ድምፅ ከኋላ ሰማሁ።

«ዝም ብላለች እኮ፤ ቢከፋት ባልቆመች» አላት አንድ ወንድ።

ውሃውን የነካ አልነበረም። የጠየቀኝም አልነበረም። እኔም የገዛ ሕጌን አላፈረስኩም፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ላቤን እየዋጥኩ ቆምኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በማግስቱ ትርኢቱ «የኅብረተሰቡን ጨዋነት ያንጸባረቀ» ነው ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋና እንዲህ ሊያዋርድ እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ትርኢት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ወሬ ማዛባት ነውር ነው። በእኔም ላይ ምንም አልተዛባም። ሴት ቆመች፤ ወንዶች አለበሷት፤ ዝም አለች። ሁሉም እውነት ነው። ዝምታው ምን እንደነበር ግን ዐይን አላየውም፣ ስለዚህም አልተነገረም። አድማጩ እሺታ አድርጎ ወሰደው። ሰዎቹ ነጠላ ከየቤታቸው ይዘው መጥተው ነበር።

አንድ ሸምገል ያለ ነጋዴ የታጠበና የተተኮሰ ነጠላ ይዞ ቀረበ። ገና ሳይደርስብኝ ጭንቅላቴን በእምቢታ ነቀነቅሁ።

«እምቢ እያለች ነው!» አለ ከጎን አንድ ሰው።

«ማን ጠየቃት?» አለ ነጋዴው። «ካልተጠየቀች አትመልስም። ሕጉ የራሷ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ነጠላው ራሴ ላይ አረፈ። በሕጉ ቃል ከሄድን ሰውዬው ትክክል ነበር፤ የጻፍኩትን ከእኔ ይልቅ በጥንቃቄ አንብቦታል።

ነጠላውን አውልቄ፣ በእጥፋቱ አጥፌ መለስኩለት። «አልፈልግም» አልኩ።

«ወይ ጉድ! የሠመራን ለብሰሽ የእኛን ትመልሻለሽ? ምን አጎደልን?»

«አፈረሰችው እኮ!» አለ ሌላው። «ሳትጨርስ ልትሄድ ነው?»

መቀሱንና ከሰሉን ወደ ቦርሳዬ ስከት፣ ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። መንገድ ዳር ሱቅ ያላት አንዲት የወሎ ሴት ብቻ ወደ ኋላ ቀርታ ስልኳን እንደያዘች ተጠጋችኝ።

«እህቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳሽ?»

በሁለቱ ከተሞች ፈቃዴን የተጠየቅሁበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ሕጉ ባያስገድደኝም በዝምታ፣ በጭንቅላቴ፣ አይሆንም አልኳት።

«ውይ!» አለች፣ ከልቧ ደንግጣ። «ቅድም አንስቼሻለሁ እኮ።» ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። ነጠላው ራሴ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ዐይኖቼ በግማሽ ይታያሉ።

«ደግሞ» አለች ልታጽናናኝ፣ «ተሸፋፍነሽ ያምርብሻል።»