ፊደል ያልቆጠረው ተሸካሚ

በ1965 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስሄድ ያልታሰበ ዝናብ ያዘኝና ከአቶ ፈድሉ የቡና መጋዘን ገባሁ። አቶ ፈድሉ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። ጨዋታ ይወዳሉ፤ እኔም እንደዚያው ነኝና ዝናቡን አልጠላሁትም።

ተሸካሚዎቹ ከአርጆ የመጣ ቡና ያራግፋሉ። አንዱ ጆንያውን አውርዶ መጣና አቶ ፈድሉ በዘረጉለት የመረከቢያ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ። ቀና ሲል ፊቱን አየሁት። ቀነዓ ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥነው፣ በሒሳብ ሁላችንን የሚያስከነዳው፣ ከእርሻ ኮሌጅ በድግሪ ሲመረቅ አባቱ አቶ ባይሳ ወይፈን አርደው የደገሱለት ቀነዓ። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"አከም ጅርቱ፣ ጎፍታኮ" አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ጌታዬ፣ እንዴት ነዎት ማለቱ ነው። እኔን፣ ጓደኛውን።

አቶ ፈድሉ ምንም አላወቁ። "ይኼ ልጅ ወርቅ ነው፣ መምህር" አሉኝ። "ካቻምና ዲፕሎማ ያለው ቀጥሬ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብብኝ ከረመ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣለትና ጥሎኝ ሄደ። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ አይመጣለትም።"

"እውነት ነው" አልኩ።

"አሁን የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ካቦ ላደርገው ፈልጌ ጆንያ ላይ የተጻፈውን አይለይልኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አታስቆጥርልኝም? ጭንቅላቱ ክፉ አይደለም።"

ቀነዓ የጣቱን ቀለም በሱሪው ይጠርጋል። አንድ ቃል ብተነፍስ ሥራው አበቃለት። "ላስብበት" ብዬ ተነሣሁ። አቶ ፈድሉ ጃንጥላ ይዞ እንዲሸኘኝ አዘዙት።

ከመጋዘኑ ራቅ እንዳልን ያዝ አደረግሁት። "አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?"

"ረሃብ" አለ እየሳቀ።

እየሄድን እንደነገረኝ፣ ኮሌጅ የተማረው በትራክተር ስለሚታረስ የጥጥ እርሻ ነበር፤ እርሻው ሊቋቋም ታስቦ ቀረ። ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። አንዱ ሹም የሒሳብ ሠራተኛ ነው የምፈልገው አለው፤ ሌላው ደግሞ "ያንተን ትምህርት የሚፈልግ ሥራ ገና አልተወለደም" ብሎ ሳቀበት። ነቀምቴ ተመልሶ ለአራት ቡና ነጋዴዎች ድግሪውን ቢያሳይ አራቱም ሸኙት። አምስተኛው አቶ ፈድሉ ናቸው። እሳቸው ጋ ሲደርስ ደበቀው።



"እርጥብ ቡና ሲከምሩ አያለሁ" አለኝ። "ሊሻግት ነው። ብናገር ከየት አወቅህ ይሉኛል። ካቦ ብሆን ግን 'አስጡት' ብዬ አዛለሁ።"

"ታዲያ እኔ አንተን ሀ ሁ ላስቆጥር?"

ደጃፌ ደርሰን ነበር። ጃንጥላውን ወደኔ አዘነበለ።

"እሺ በላቸው" አለኝ። "ግን አደራህን፣ ቶሎ አይገባውም በልልኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ካነበብኩ ይነቁብኛል።"