የመለማመጃው ክፍል አራት ጥጎች

የኳየራችን መሪ ድሮ ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት ከልምምድ በኋላ በሩ ላይ ጠበቀችኝና መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ ቤዝ ጊታሩ ይቅር እያሉ ነው። የመዝሙሩ ቃል አይሰማም ይላሉ። በኪቦርድ እንተካው ብለዋል» አለችኝ። ሃያ ዓመት የተጫወትኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ሚስቴን ከቀበርኩና ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከቤት የሚያስወጣኝ ያ ጊታር ብቻ ነው። ልጆቼ ሐዋሳና አዲስ አበባ ናቸው፤ እሑድ ማታ ይደውላሉ። ጊታሩን ከወሰዱብኝ ሰኞን በምን እንደማሳልፈው አላውቅም። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ። «ጥፋቱ የክፍሉ ነው» አልኳት። «እስከ ዓመታዊው ጉባኤያችን ድረስ ጊዜ ስጡኝ፤ አስተካክለዋለሁ።»

እውነቴን ነበር። ክፍሉ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለ ጠባብ የብሎኬት ቤት ነው። አንዱን ድምፅ ስመታ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ያለውን ስመታ የት እንደገባ አይታወቅም። ይህን ሁሉም ያማርራል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነበር። መጫወት አቁመን እንኳ፣ ግድግዳው ውስጥ የቀረ እምም የሚል ድምፅ፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ፣ ይሰማኛል። «ይሰማችኋል አይደል?» ስላቸው «አዎ ጋሼ» ይሉኛል። የእኛ ልጆች ትልቅ ሰው ሲጠይቃቸው እንቢ ማለት አይሆንላቸውም።

ከዚያ በፊት አንድ ሞኝነት ሠርቻለሁ። ከየቁርስ ቤቱ የእንቁላል ካርቶን አሰብስቤ ግድግዳውን በሙሉ አስለጥፌው ነበር። የዘማሪዎቹ ድምፅ ታፈነ፤ ቤዙ እንደ ልቡ መጮኹን ቀጠለ። አሁን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳሳድድ ሰንብቼ የገባኝ፣ ወፍራም ድምፅ የሚጠራቀመው ጥግ ላይ መሆኑን ነው። ጥጉን ከወለል እስከ ኮርኒስ በደንብ ካልሞሉት ካርቶን አይበግረውም። ቪዲዮው ሙላበት የሚለው የመስታወት ሱፍ እኛ ከተማ፣ ዲላ፣ የለም። የእንሰት ቃጫ ግን አለ።

አክስቴ የምትኖረው ይርጋጨፌ አጠገብ፣ አሪቻ የምትባል ገጠር ነው። ጓሮዋ ውስጥ ከጎረቤቶቿ ጋር እንሰት ሲፍቁ ደረስኩባቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ጊዜ ጠራሁህ፤ አትሰማም እንዴ?» አለችኝ። የመጣሁበት ሞተር ጆሮዬን አደንቁሮት ነው አልኳት። ቃጫውን ሳይገመድ እንደተበጠረ እንድትሰጠኝ ስለምናት ገረማት።

«ገመድ ካልሆነች ምን ትሆናለች?»

«ለክፍል ጥግ ነው።»

«ቤቱ ታመመ እንዴ?» አለችና ሴቶቹን አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅኩም። አምስት ማዳበሪያ ሙሉ ቃጫ ይዤ በይርጋጨፌ አድርጌ ዲላ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። ሥራ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ካርቶኑን ከግድግዳው ፋቅኩ። በየጥጉ ሰያፍ አድርጌ የእንጨት ፍሬም አቆምኩ፤ ከኋላው ያለውን ክፍት ቦታ ቃጫውን እያፍታታሁ ሞላሁት፤ ፊቱን አቡጀዲ ወጠርኩበት። አንድ ጥግ በጨረስኩ ቁጥር ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። እምምታው አለ። ገና ሦስት ይቀራል እላለሁ። ገና ሁለት። አራተኛውን ስሞላ ቃጫው እንዳያንሰኝ እየጸለይኩ ነበር፤ በሕይወቴ ለቃጫ ጸልዬ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ተሰበሰቡ። አንድ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ተጫወትን። ቆርቆሮው አልተንቀጠቀጠም፤ ዘማሪዎቹ የሚሉት እያንዳንዱ ቃል ተሰማ። መሪዋ እጇን አንስታ አስቆመችንና ሁሉም ጸጥ አሉ።

«ስሙት እስቲ» አለች። «ምንም የለም። የመርፌ ድምፅ እንኳ ይሰማል።»

ድራም መቺው ራሱን ነቀነቀ። ዘማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። እኔ ወደ አንዱ ጥግ ዞርኩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። ወፍጮው እየፈጨ ነው። ያላስተዋሉት መስሎኝ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዳቸውም የሚያዳምጡት ነገር አልነበራቸውም። ግንባሬን የማብስ መስዬ ግራ ጆሮዬን በመዳፌ ግጥም አድርጌ ደፈንኩት። የሰዎቹ ትንፋሽ ራቀ፤ እምምታው ግን ቅንጣት አልቀነሰም። ወፍጮው ያለው ግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ጆሮዬ ውስጥ ነው። ስፒከሩን ተደገፍኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች መሪዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እውነትም ጥፋቱ የክፍሉ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ፤ ቤዙ ይቀጥላል።»

በዚያች ደቂቃ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ጌታ ይባርክሽ ልጄ» አልኳት። ቀጣዩን መዝሙር እንድጀምርላቸው ጠየቀችኝና መነሻውን ድምፅ በቀስታ አንጎራጎረችልኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፁን ግን ወፍጮው ዋጠው። ጣቴን ክሩ ላይ አሳርፌ እንዲገጥምልኝ ብቻ ለመንኩና መታሁት።