ሙስሊማና አልታወቅ ያላት ስካነር

ሙስሊማ አህመዲን መካነ ሰላም ከመናኸሪያው በላይ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከከፈተች ቆይታለች። በከተማው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የምትሠራ እሷ ብቻ ነበረች። ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ዊንዶውሷን ደጋግሞ አበላሸባት። አባቷ ሼህ አህመዲንም ያ ዊንዶውስ ያለ ፈቃድ ተገልብጦ የተጫነ መሆኑን ሲሰሙ፣ የሰው ልፋት ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይወሰድም አሏት። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለሁሉም በነጻ የፈቀዱትን ሊኑክስን ጫነች፤ እየተቸገረችም ቢሆን ለመደችው። ሰው "የሼሁን ልጅ ኮምፒውተር ቫይረስ አይነካውም" ሲል ደስ ይላት ነበር።

ሼህ አህመዲን ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአያታቸው የወረሷቸውን በእጅ የተጻፉ ኪታቦች የክረምቱ እርጥበት እያበላሸባቸው ነበር። ደሴ የሚኖር የቀድሞ ደረሳቸው ይህን ሰምቶ፣ ኪታቦቹ በኮምፒውተር እንዲቀመጡ ብሎ አንድ ስካነር ላከላቸው።

ሙስሊማ ገመዱን ሰካችው። የስካነሩ መብራት በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም ስካነር አላገኘሁም አላት። ሁለቱን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ፋብሪካው ለዊንዶውስ ብቻ ነበር ያዘጋጀው። ገመድ ቀየረች፣ ኢንተርኔት ላይ ጠየቀች፣ ለፋብሪካው ጻፈች። መልስ አላገኘችም። አባቷ ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ እንዴት ሆነ ይሏታል፤ ኢንሻአላህ ይሆናል ትላቸዋለች።

በዚህ መሀል የኔአለም መጣች። የኔአለም የአቀስታ ገበሬ ልጅ ናት። የኮምፒውተርን ሀ ሁ ያስቆጠረቻት፣ ሊኑክስንም ያስለመደቻት ሙስሊማ ራሷ ነበረች። ከዚያ ኮምቦልቻ ሄዳ ተማረችና ተመልሳ ከመንገዱ ማዶ የጥገና ቤት ከፈተች። ሼህ አህመዲን ሙያዋን ሰምተው፣ ልጃቸውን ሳያማክሩ አስጠሯት።

ሙስሊማ ከሥራ ስትገባ የኔአለም ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ስካነሩ እየሠራ ነው። የኪታቡ ገጽ ከነቀይ ቀለሙ ስክሪኑ ላይ ወጥቷል።

"ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ ልጄ" አሉ ሼሁ።

ሙስሊማ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ስትጠብቀው ነበር። ሰላምታዋን በደንብ ሳትጨርስ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ እህል አልጥም አላት። ሥራዋን ትታ ወደ ማዶ እያየች ማን ገባ፣ ማን ወጣ ትል ጀመር። የየኔአለም ሳቅ እንኳ መንገዱን ተሻግሮ ሲሰማት እሷን ለማናደድ የምትስቅ ይመስላት ነበር። እኔ ያልቻልኩትን እንዴት ቻለችው እያለች ስታብሰለስል፣ የፋብሪካውን ድራይቨር ያለ ፈቃድ ሰብራ አውጥታው መሆን አለበት የሚል ሐሳብ መጣላት። ሐሳቡ ደስ አሰኛት።

ጁምዓ ከሰዓት የኔአለም ለሥራው እንደመጣች፣ ሙስሊማ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ይሄ ድራይቨር ፈቃድ የለውም። የተሰረቀ ነው።"

ሼሁ የያዙትን ኪታብ ከደኑና የኔአለምን አዩዋት።

"የፋብሪካውን አልነካሁም" አለች የኔአለም። ለሌላ ስካነር የተጻፈ ነጻ ድራይቨር አግኝታ፣ የዚህኛውን መለያ ቁጥር ጨምራበት፣ ያልገጠመውን እንዳስተካከለች አስረዳች። ላፕቶፑንም አዞረችላት። "ላይሰንሱ ይኸው፣ አንብቢው።"

ሙስሊማ አነበበችው። የራሷ ሊኑክስ የተለቀቀበት ያው ፈቃድ ነው፤ ተጠቀም፣ ቀይር፣ ለሌላም ስጥ፣ የሠሪዎቹን ስም ግን አታጥፋ፣ የቀየርከውንም አትደብቅ ይላል። ይህንኑ ለየኔአለም ያስተማረቻትም እሷ ነበረች።

"ኪታቡን የተሰረቀ ነገር እንዳይነካው ፈርተሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?" አሏት አባቷ።

"ቅናት ነው አባዬ" አለች ቀስ ብላ።

የኔአለም አንገቷን ደፋች። ሼሁም "እኔም ሳላማክርሽ ነው ያስጠራኋት፤ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም" አሉ።

የኔአለም ያስተካከለችውን ድራይቨር ማንም እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ ለቅቃው ነበር። ሙስሊማ አውርዳ የሱቋ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው "ለዚህ ስካነር ያስተካከለችው፦ የኔአለም ንጉሡ" የሚል መስመር ነው። መስመሩን አጠፋችው። ድራይቨሩ ያለ ስሙም ይሠራል፤ ማንም አያውቅባትም። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና መልሳ ጻፈችው።

አሁን ኪታቦቹን ሱቁ ውስጥ በስካነሩ አብረው ይገለብጣሉ። ዐረብኛውን አንብባ የትኛው ገጽ ከየትኛው እንደሚቀድም የምታውቀው ሙስሊማ ናት፤ የኔአለም እሷን ሳትጠይቅ አንድ ገጽ ማለፍ ስለማትችል ሙስሊማ በዚህ ትንሽ ትጽናናለች። የኔአለም ስታረፍድ ሼሁ "ያቺ ልጅ ዛሬ ቀረች?" ይላሉ። ሙስሊማም ጥያቄው እየቆረቆራት ነጠላዋን አጣፍታ ልትጠራት መንገዱን ትሻገራለች።