ከገመዱ ወዲህ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከቁመቱ የተነሣ ጉልበቱን እስከ ደረቱ አጣጥፎ ነበር። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ይመስላል። የለበሰው ቱታ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ባንገቱ ከማተቡ ጋር ፊሽካ አንጠልጥሏል።

ከኋላችን የተቀመጡ ባልቴት፣ «ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉት።

«የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ምክትል አሰልጣኝ ነኝ፣ እማማ። ልጆቼ ዛሬ ሞጣ ይጫወታሉ።»

«ታዲያ አብረሃቸው አትሄድም?»

«መኪናው ሞላ አሉኝ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቆይቶ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «ስንት ዋና አሰልጣኝ መጥቶ ሄደ! ሁሉንም ከልጆቹ ጋር ያስተዋወቅሁ እኔ ነኝ» አለ።

እኔም የምሄደው ጨዋታውን ለማየት ነበርና ተከትዬው ሄድኩ። ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ሜዳው ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል። እሱ ከሰው ኋላ ቆሞ፣ «ተመለሽ፣ ሰርካለም! እጅሽን አንሺ!» እያለ በሹክሹክታ ያዛል። ማንም አይሰማውም።

ድንገት ሰርካለም ጉልበቷን ይዛ ወደቀች። ሰውየው ሰዉን ገፍቶ ገመዱን ሊሻገር ሲል ጥበቃው ያዘው።

«የቡድኑ ሰው ነህ?»

ሰውየው ወደ አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ተመለከተ። አሰልጣኙም አይቶታል፤ ነገር ግን እንዳላየ ሆነ።

«አይደለሁም» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ተመልካች ነኝ።»

ልጅቱ ከወደቀችበት ሆና፣ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ትጣራለች።